ስለ ዓይነ ጥላና የገዛ ራስን ጥላ ስለ መመርመር

ጥላ የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ሥራው ብዙ ነው። ታላቅ ሰው ለዘመዱና ለሎሌው ጥላና ከለላ ነው ይባላል። ግርማው የሚያስፈራ ሰው ጥላው ከባድ ነው ይባላል። ሞገስ ያጣው፥ በሰው ፊት የማይወደደው ደግሞ ጥላ ቢስ ይባላል። ጠላቱን በአካል ሊደርስበት ያልቻለ ክፉ ሰው ጥላውን ወግቶ ያሳምመዋል ተብሎ ስለሚታመንም ጥላ ወጊ የሚባል ስም አለ። ቃሉ ጠላ ከሚለው ግሥ ጋራ ዘመድ ይመስላል፤ ነገር ግን በግእዝ ጥላው ጽላሎት፥ ጥላቻው ጽልእ ስለሆነ ሁለቱ በአማርኛ ድምፅ ብቻ የተገናኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ድምፅ ያገናኛቸውን ኑሮም ሳያገናኛቸው እንዳልቀረ ከዚህ በታች የምንጽፈው ያስረዳል።

ከነዚህ ስሞች ሁሉ ይልቅ ዛሬም በየቤቱ የሚነሣው ዓይነ ጥላ የሚባለው ነው። ደብተሮች በብራና በሚጽፉት ክታብ ውስጥ ከባርያ፥ ከሌጌዎን፥ ከሾተላይ፥ ከቡዳና ከዛር ጋራ ተቈጥሮ ይገኛል። የክታቡ ብራና የሚጻፍለት ሰው ቁመት ተለክቶ በዚያው ልክ ይቀጣጠላል፤ የክርስትና ስሙም በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ዓይናቸውን ያፈጠጡ ሥዕሎችም ይሳሉበታል። ለወላድ የሚጻፍ እንደ ሆነ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ እንደ ወጋት የሚናገረው ጸሎት አይቀርበትም። እንግዲህ አንድ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ በቁመቱ ልክ የተጻፈለትን ጽሑፍ ጠቅልሎ በአንገቱ ይዞ ይኖራል ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን አንድ ቀን ፈትተው አያነቡትም።

ዓይነ ጥላ አለበት የሚባለው ሰው ሕመሙ አልጋ ላይ የሚጥል አይደለም። ሥራ ይጀምራል፥ አይጨርስም። ሹመት ሊያገኝ ሲል ከአለቃው ይጣላል። ልጅቱ ትታጫለች፥ ሠርጉ ሲቀርብ ነገሩ ይፈርሳል። በቤተ ዘመድ መካከል ሲገባ ያለ ምክንያት ይጠላል፤ ወይም እርሱ ራሱ ምክንያቱን ሳያውቅ ሰው ይጠላል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ ሁሉ ምልክት ከሥጋ ሕመም ይልቅ ስለ ጠባይና ስለ ኑሮ የሚናገር ነው።

እንዲህ ያለ ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ከአዲስ አበባም ከሩቅ አገርም መጥተው ከሚሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ እንጦጦ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ዛሬ በታሪኳ ብቻ ሳይሆን በጠበሏም የታወቀች ናት፤ የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበልም እንዲሁ። ከሸገር ወደ ጉለሌ፥ ከጉለሌም ሽቅብ በባሕር ዛፉ መካከል የሚወስደው መንገድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችና ሕመምተኛ ደግፈው የሚወጡ ቤተ ሰቦች የሚተላለፉበት ነው። በጠበሉ ዘንድ አጥማቂው ካህን በመስቀሉ ይባርካል፥ ውኃውን ያፈስሳል፤ ከሚጠመቁትም መካከል የሚጮኽ፥ የሚወድቅ፥ በሌላ ድምፅ የሚለፈልፍ ይገኛል። ካህኑም መንፈሱን ማን ነህ? በምን ያዝኸው? ከመቼ ወዲህ ነው? መቼ ትለቃለህ? እያለ ይጠይቀዋል። በዚያ ጊዜ የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ የቤት ውስጥ ነገር ነው። ወንድም በወንድሙ ርስት መቅናቱ፥ አማት ምራቷን መጥላቷ፥ ያልተለቀሰለት ሞት፥ ያልተከፈለ ስለት ይነገራል። በቤቱ ተቀምጦ ለሃያ ዓመት ቃል ያልወጣው ሰው በእንጦጦ ብርድ ውስጥ በመንፈሱ አፍ ሁሉን ይናገራል። ከዚህም የተነሣ፥ መንፈሱን የሚያምነውም የማያምነውም ቢሆን፥ በዚያ የሚነገረውን ነገር ንቆ ማለፍ አይገባውም።

ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ የመረመረው ስዊሳዊው የነፍስ ሐኪም ዶክተር ካርል ጉስታቭ ዩንግ ነው (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር 1875–1961)። ሰው ስለ ራሱ ሊያውቀው የማይወድደውን ሁሉ ጥላ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም ቅናቱን፥ ቂሙን፥ ስስቱን፥ ፍርሃቱን ነው። ደግሞም ክፉውን ብቻ ሳይሆን በልጅነቱ ተው ተብሎ የተወውን ብርታትና ችሎታ ከዚሁ ውስጥ ይቈጥረዋል። የተደበቀው ነገር አይጠፋም፤ ባለቤቱ በራሱ ላይ ያላየውን በጎረቤቱ ላይ ያየዋል። ስለዚህ አንድን ሰው ከጥፋቱ መጠን ይልቅ አብልጠን የጠላነው እንደ ሆነ ከራሳችን የሆነ ነገር በእርሱ ላይ ጥለን እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል ይላል። ዩንግ በ1925ና በ1926 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ወደ ኬንያና ወደ ኡጋንዳ መጥቶ በኤልጎን ተራራ ሰፍሮ ነበር። የዚያ አገር ሰዎች ቀኑ የመልካሙ ኃይል፥ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለው ግን ፍርሃትን የሚያመጣው የአይክ ጊዜ ነው ብለው እንደ ነገሩት ጽፏል። ከሐበሻ አገር ብዙም ሳይርቅ ተመልሶ መሄዱ ያሳዝናል፤ ወደ እኛ ቢዘልቅ ኖሮ የጥላን ነገር ሙሉ መዝገብ ባገኘ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የጥንቈላ ሕግ በ1951 ከተሻረ በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ሰው በ1954 ስለ ጠንቋዮች መጽሐፍ አሳተመ፤ ዊካ የሚባለውም እምነት ከዚያ ተስፋፋ። ተከታዮቹ ሥርዓታቸውን የሚጽፉበትን ደብተር የጥላዎች መጽሐፍ ይሉታል። ኋላም በአሜሪካና በኤውሮፓ ጀማሪ ጠንቋይ ነን የሚሉ ወጣቶች የዩንግን አሳብ ከዚህ ጋራ አዋሕደው የጥላ ሥራ የሚባል ልማድ አበጁ። ጀማሪው ወይም ጀማሪይቱ ሌሊት ሻማ አብርተው፥ ከመስተዋት ፊት ተቀምጠው፥ ማንን እቀናበታለሁ? ምን ሲነገረኝ እቈጣለሁ? በልጅነቴ ምን ተከለከልሁ? እያሉ ራሳቸውን ጠይቀው መልሱን ይጽፋሉ። ትምህርቱ ዛሬ በየቋንቋው ስለሚዳረስ የእኛ ልጆች ጆሮ አይደርስም ማለት አይቻልም። አባትና እናትም ነገሩን ሳያውቁ ከመቈጣት ዐውቀው መምከር ይሻላቸዋል፤ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ክፉ አይደሉምና።

የእኛ አገር ጀማሪ ግን ከመስተዋት ሳይሆን ከቍጥር ይጀምራል። ዐውደ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ ያገኘ ወጣት የራሱንና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ለውጦ ይደምራል፤ ድምሩን በ12 ይገድፋል፤ በተረፈው ቍጥር ኮከቡ ሐመል ወይም ሰውር ወይም ገውዝ መሆኑን ያገኛል። ከዚያም ጠባዩን፥ ዕድሉን፥ የሚፈራውን ቀን፥ የሚያገኘውን በሽታ ያነባል። ሰው ራሱን ለማወቅ ያለው ናፍቆት ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ በዚህ ይታያል። ነገር ግን ሥራው ቀላል የሆነበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ቍጥር አይጠይቅም፥ አያሳፍርምም። ኮከቤ አሰድ ስለሆነ ቍጡ ነኝ ያለ ሰው ቍጣውን ዐወቀ እንጂ አልመረመረውም፤ ይባስ ብሎ ምክንያት አገኘለት። ትናንት በሎሌው ላይ ለምን እንደ ጮኸ አሁንም አያውቅም።

የራስን ጥላ መመርመር ሲቀር የሌላውን ጥላ ማደን ይመጣል። ይህንን በታሪካችን የሚያስረዳ አስፈሪ ነገር አለ። ከ1434 እስከ 1468 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቈላንና ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት ተነሥተው ሰዎች በግንባራቸው የሥላሴን ስም፥ በክንዳቸውም ሰይጣንንና ደስክን የሚክዱበትን ቃል ጽፈው እንዲይዙ አዘዙ። አሳባቸው ሃይማኖትን ማጽናት ነበር። ሆኖም ዜና መዋዕላቸው እንደሚናገረው ክስ በዛ፤ የንጉሡም የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ደስክንና ዲኖን አመለካችሁ ተብለው ተከስሰው በቅጣት ሞቱ። በግንባር ላይ የተጻፈው ክህደት ለጎረቤት ዓይን የሚታይ ነበር፤ ጻፊው ግን የራሱን ግንባር ማየት አይችልም።

ከዚያ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከእንጦጦ ግርጌ ይገኛል። በቀጨኔ አካባቢ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች፥ ሸማኔዎችና ብረት ሠሪዎች ለብዙ ዘመን ቡዳ ናቸው እየተባሉ ሲሸሹና ሲታሙ ኖረዋል። ጋብቻም ማኅበርም ተከልክለዋል። በከተማይቱ ውስጥ ግን ከእጃቸው የወጣ ጀበናና ምጣድ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። እመቤቲቱ ቡናዋን ከጀበናው እየቀዳች ጀበናውን የሠራችው ሴት በዓይኗ ሰው ትበላለች ስትል፥ ማን ማንን እየበላ ኖሯል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሠራተኛን እጅ ፈልጎ ሠራተኛውን መናቅ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ፥ ዕፍረቱን ወደ እርሱ ዓይን አሳልፎ ዓይኑ ክፉ ነው ማለት ይቀልላል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ልማድ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ነቅፈውታል፤ ብረት የሚሠራውን በጠይብነቱ፥ ሸማ የሚሠራውን በሸማኔነቱ፥ የሚጽፈውን ሰው ደግሞ ጠንቋይ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዘዋል፤ ተሳዳቢውም አንድ ዓመት እንዲታሰር ፈርደዋል። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ጠንቋይ ይባል እንደ ነበር እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡት ክቡራን ሁሉ በዚያ ዘመን ቢሆን ከስድቡ ባላመለጡም ነበር።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ፤ የዛር ነገር ከሁሉ ይልቅ ባልና ሚስትን የሚመለከት ነውና። ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ መልከ መልካሞቹን 15ቱን ከዓይን ፈርታ ሸሸገቻቸው። እርሱም የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ አለ፤ ዛሮች የሆኑት እነዚህ ናቸው፥ የሚታዩት ሰዎች ደግሞ የቀሩት 15ቱ ናቸው ይባላል። እውነተኛ ታሪክ ነው አንልም፤ ቤተ ክርስቲያንም የዛርን አምልኮ ትከለክላለች። ነገር ግን ከተረቱ አንድ ነገር ይገኛል፤ የተሸሸጉት አስቀያሚዎቹ ሳይሆኑ የተዋቡት ናቸው። ይህ ነገር ከዩንግ አሳብ ጋራ ሳይተዋወቅ ይገጥማል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በጎንደር ተቀምጦ የባለ ዛሮችን ሥርዓት ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋራ ሲመለከት ከረመ፤ መጽሐፉንም በ1958 አሳተመ። በዚሁ በ1958 አሜሪካዊው ሲሞን ሜሲንግ የዛር ጉባኤ ለተገፉ ሴቶች እንደ ማኅበር ሆኖ እንደሚያጽናናቸው ጻፈ። ሥርዓቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቡና ይፈላል፥ ዕጣን ይጤሳል፥ የተያዘችው ሴት የዛሩ ፈረስ ትባላለች። ባለ ዛሩም ስሙን ያወጣጣዋል፤ ምን ትፈልጋለህ? ብሎ ይደራደረዋል። ዛሩ ቀሚስ ይፈልጋል፥ ሽቱ ይፈልጋል፥ ቀለሙ እንዲህ የሆነ ዶሮ ይፈልጋል፤ ባሏ እንዳይቈጣት፥ ዕረፍት እንድታገኝም ያዝዛል። ባልም ፈርቶ ይፈጽማል። በሚስቱ አፍ የተጠየቀውን ቀሚስ ለሦስት ዓመት የነፈገ ሰው ዛር ሲጠይቀው በሦስት ቀን ይገዛል። ይህ ለማንኛችንም የሚያኰራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሚስቱ፥ እኅቱ ወይም የቤት ሠራተኛው ዛር ያዛት የተባለ ጌታ፥ ዛሩን ከማስለመንና ሴቲቱን ከመደብደብ በፊት ዛሩ የጠየቀውን በወረቀት ይጻፈው። ከዚያም በዚህ ውስጥ እርሷ በገዛ ስሟ ጠይቃኝ ያልሰማሁት የትኛው ነው? ይበል። ወደ ባለ ዛር ቤት ሂዱ አንልም፤ እኛ የምንለው ነገሩ በራሷ አፍ እንዲነገር በቤት ውስጥ ስፍራ ይሰጠው ነው።

በቤት ተቀምጦ ራሱን ለመመርመር ለሚወድ ሰው ሻማና መስተዋት አያስፈልገውም። ከራት በኋላ ጥቂት ጊዜ ለብቻ ተቀምጦ በዚያ ቀን ያስቈጣውን አንድ ሰው መጻፍ ይበቃል። ጥፋቱ ምን ነበር? ቍጣዬስ ምን ያህል ነበር? የሚሉትን ሁለቱን ጐን ለጐን ያስቀምጥ፤ ቍጣው ከጥፋቱ የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉ የራሱ ነው። ቀጥሎ ያ ጥፋት በእኔ ላይ የሚገኘው በየት ነው? ብሎ ይጠይቅ። ስንፍናን አብዝቶ የሚጠላ ሹም በልጅነቱ ዕረፍት የተከለከለ ሊሆን ይችላል፤ ኩራተኛ ሰው አልወድም የምትል እመቤት እንግዳ ሲመጣ ማንን ከምን እንደምታስቀምጥ ትመልከት። በየሳምንቱ አንድ ሰው ቢመረመር በቂ ነው፤ በአንድ ሌሊት ልብን ሁሉ ልገልብጥ ማለት ሰውን ያደክማል፥ ትዕቢትም ያመጣል። ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ እውነቱን የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ በጠባዩ የሚተማመንበትን አንድ አሮጌ ሎሌ ወይም ሞግዚት ምን ስሠራ ትፈሩኛላችሁ? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሰምቶ ዝም ይበል፥ ምክንያት አይስጥ።

የተጻፈው ወረቀት የት ይሂድ? ለሚለው፥ የእኛ አገር ሰው ከኤውሮፓ ጀማሪ የሚበልጥበት ነገር አለው። በሥርዓታችን ለየቤቱ የነፍስ አባት አለው። ብዙዎቻችን ግን የነፍስ አባታችንን የምንፈልገው ለጸበል ጻዲቅና ለተዝካር ነው፤ ንስሐውንም በጅምላ፥ በሥራዬም በአሳቤም በድያለሁ ብለን እናልፈዋለን። አንዲት ወር ሙሉ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ግን በጅምላ መናገር አይችልም፤ እገሌን በዚህ ቀን በዚህ ምክንያት ጠላሁ ይላል። ካህኑም ምስጢሩን ይጠብቃል፥ ቀኖናውን ይሰጣል፥ ምናልባትም ሂድና ታረቅ ይላል። መስተዋት ይህን አይልም።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ልጅን ዓይነ ጥላ አለብህ፥ ጥላ ቢስ ነህ ብሎ መጥራት እጅግ የሚጐዳ ነገር ነው። ልጅ የተሰጠውን ስም ይለብሳል። ትምህርት ያቃተው ሕፃን ዓይኑ ወይም ጆሮው ይታይለት፤ ሌሊት የሚጮኸው ምን እንዳስፈራው ይጠየቅ። እጮኛዋ የተወቻት ልጅም ጥላዋ ነው ያባረረው እየተባለች ከጠበል ወደ ጠበል ስትዞር ዕድሜዋን እንዳትጨርስ፥ ሠርጉ የፈረሰው በጥሎሽና በቤተ ዘመድ ክርክር እንደ ሆነ ወላጆቿ በግልጽ ይንገሯት። ብዙ ጊዜ ያባረረው የአጎቶቿ ምላስ ነው።

የራስን ጥላ መመርመር ለጤነኛ ሰው ነው። እንቅልፍ ያጣ፥ የማይታይ ሰው ድምፅ የሚሰማ፥ ምግብ የተወ፥ ራሴን እገድላለሁ የሚል ሰው ብቻውን በሌሊት ተቀምጦ ልቡን ይቈፍር ቢባል ይብስበታል፤ ለዚህ ሐኪም አለ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕመምተኞችን ሲረዳ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጠበልና ሕክምና ይጣላሉ ብሎ መፍራትም አይገባም። የኤድስ በሽታ በበዛበት ዘመን ብዙ ሕመምተኞች በእንጦጦ ተቀምጠው መድኃኒታቸውን በተዉ ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ አስተምረዋል። በቅርብ ዓመታትም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው ሕመምተኛው ጠበሉንም ሕክምናውንም የሚያገኝበት ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሯል።

ስለዚህ ሕመምተኛ ይዞ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ቤተ ሰብ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ የሚያስታውስ አንድ ሰው ይመድብ፤ ያን ሰው ለአጥማቂው ካህን አስቀድሞ ያሳውቅ። ሕመምተኛው ቢጮኽም በሰንሰለት አይታሰር፤ ሁለት ዘመድ ተፈራርቆ ቢይዘው ይሻላል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው፤ ከተጠመቀ በኋላ የሚለብሰው ደረቅ ልብስና ወፍራም ጋቢ፥ ትኩስ ነገር የሚይዝ ፔርሙዝም አይረሳ። መንፈሱ ለፍልፎ የተናገረውንም ነገር አብሮት የነበረው ሰው ለጎረቤት ሳያወራ ልብ ብሎ ይያዘው፤ ሕመምተኛው ሲረጋጋ፥ ቡና ሲጠጣ፥ ቀስ ብሎ ስለዚያ ነገር ይጠይቀው።